ቆቂትን የሠራት ማን ነው?

እቤታችን ቡፌ ላይ፣ በቡና ስኒዎቹና በወንድሜ የምረቃ ፎቶ መሃል፣ ሦስት የመስታወት እንስሳት ነበሩ። ዓሣ፣ ዝሆንና ወፍ። ወፏን አባዬ «ቆቂት» ይላት ነበር። ሆዷ ድብልብል፣ አንገቷ አጭር፣ ምንቃሯ ሹል ነው። እማዬ «ኧረ ዳክዬ ናት» እያለች ትከራከረዋለች። ሐዋሳ ያደገ ልጅ ወፍ ብርቁ አይደለም፤ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ የሰው ያህል ቆሞ የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ እያየን ነው ያደግነው። ይቺ ግን የምናውቃትን ወፍ አትመስልም። መንካት ክልክል ነው። አቧራዋን የሚያብስላት አባዬ ብቻ ነበር፤ እሁድ እሁድ፣ በነጭ መሐረብ።

አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቆቂትን ማን እንደሠራት ለማወቅ ስል አንድ ዓሣ አበላሽቻለሁ፣ ገንዘብ በከንቱ ከፍያለሁ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር አምስት ወር ተኳርፌያለሁ። እናንተም ቤት ቡፌ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ እኔ የሄድኩበትን መንገድ እንዳትሄዱበት ብዬ ነው የምጽፈው።

ከአርባው በኋላ ቤቱን ቀለም ልናስቀባ ዕቃ እያወጣን ነበር። ቀለም ቀቢውን ያመጣልን ደላላ ቡፌው ፊት ቆሞ ቀረ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ሙራኖ ነው» አለኝ። ሙራኖ ሰው ይሁን አገር አላውቅም። «የጣሊያን ነው። አዲስ አበባ ብትወስጂው ከሩብ ሚሊዮን አያንስም።» ይህን ብሎ ለእሱ ብሸጥለት ስምንት ሺህ ብር ወዲያው እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። ሩብ ሚሊዮን የሚያወጣ ዕቃ በስምንት ሺህ የሚጠየቅበትን ሒሳብ እዚያው ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ሦስቱንም በስልኬ ፎቶ አንስቼ የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። ከሥሩ «ሙራኖ ናቸው አሉ። ሩብ ሚሊዮን!» ብዬ ጻፍኩ።

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ዓሣውን ከማበላሸቴም ይብሳል። የሠሪውን ስም ሳታውቁ ዋጋ አትጥሩ፤ በተለይ ለወንድምና ለእህት። ቁጥር አንዴ ጆሮ ከገባ አይወጣም። ወንድሜ አስር ደቂቃ ሳይቆይ ደወለ። «ማንም እንዳይነካቸው። እኔ እስክመጣ ቆልፊባቸው» አለ። ዱባይ ያለችው ታናሽ እህቴ ደግሞ በድምፅ መልእክት «ክሪስታል ከሆነማ ስዋሮቭስኪ ነው፣ እዚህ ሞል ውስጥ በየቀኑ ነው የማየው» አለች። እኔም ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቡፌውን ሳየው የማየው ብር ሆነ።

ማታውኑ ደህና ፎቶ ላነሳ ብዬ ላጥባቸው ተነሳሁ። ሳፋ ውስጥ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ ገለበጥኩ፤ ኦሞ ጨመርኩበት። ዓሣው ግርጌ ላይ ጥፍር የምታህል ወርቃማ ስቲከር ነበረች። ጠርዟ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው፣ ፊደሎቿ ግማሹ የጠፉ። አዲስ ብርጭቆ ስንገዛ ሥሩ ላይ እንደምናገኛት ዓይነት መሰለችኝ። ዓሣውን ዘፈዘፍኩት። ስቲከሯ አልላቀቅ ስትል በምላጭ ፋቅኳት። እጄ ላይ እንደ ወርቅ ብናኝ ተበታትና ወደ ቧንቧው ወረደች። ወዲያው ከሳፋው ውስጥ «ጥርቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጭራው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቶ ነበር።

ወፍራም መስታወት ፈላ ያለ ውኃ ሲነካው ውጩ ቶሎ ይሞቅና ይለጠጣል፤ ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ነው። ሁለቱ ሲጓተቱ ይሰነጠቃል። ይኼን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እናንተ ለብ ያለ ውኃ፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ ተጠቀሙ። ሳፋው ሥር ፎጣ አንጥፉ፣ አንድ በአንድ እጠቡ። ስቲከር ያለበትን ደግሞ ጭራሽ ውኃ አታስነኩት። በደረቅ ጨርቅ አብሱትና ተዉት። የደበዘዘች፣ የተቀደደች፣ ግማሽ ፊደል የቀረባት ብትሆንም ተዉዋት። እኔ በምላጭ የፋቅኩት ለካ የዓሣውን መታወቂያ ነበር።

ሙራኖ ቬኒስ አጠገብ ያለች ደሴት መሆኗን ከዚያ በኋላ አነበብኩ። ቬኒስ እሳት ይነሳብኛል ብላ በመፍራት በ1291 እ.ኤ.አ. የመስታወት ምድጃዎቿን ወደዚያች ደሴት እንዲዛወሩ አዘዘች። ከዚያ ወዲህ ሥራው እዚያው ቀረ። እዚያ ከሚሠሩባቸው ዘዴዎች አንዱን «ሶመርሶ» ይሉታል፤ የሰጠመ ማለት ነው። ያልቀዘቀዘውን ባለቀለም መስታወት ሌላ ቀለም ያለው ቅልጥ መስታወት ውስጥ ይነክሩታል፤ አንዱ ቀለም በሌላው ውስጥ ሰጥሞ ይታያል። የእኛ ዓሣ ልክ እንደዚያ ነው። ሆዱ ሰማያዊ፣ በላዩ ቢጫ፣ ውጩ እንደ ውኃ የጠራ። አነበብኩና ደስ አለኝ። ቀጥዬ ሳነብ ግን ተመሳሳይ ዓሣ ቼኮች ሠርተዋል፣ ቻይናም አስመስላ ሠርታለች። ከሙራኖ የወጡ የድሮ እንስሳት ደግሞ አብዛኞቹ ፊርማ የላቸውም። ከፋብሪካው ሲወጡ የነበራቸው መለያ ስቲከራቸው ብቻ ነው። የእኛ ዓሣ መለያ በቧንቧ ሄዷል። እስከ ዛሬ ማን እንደሠራው አላውቅም፣ ወደፊትም የማውቅ አይመስለኝም።

ቀጥሎ የስልክ ፍለጋ ገባሁበት። የቆቂትን ፎቶ ጉግል ላይ ሳስገባው በመቶ የሚቆጠሩ የመስታወት ወፎች መጡ። ግማሾቹ «ሙራኖ» ይላሉ። ደላላው እውነቱን ነው ብዬ ላምን ምንም አልቀረኝም ነበር። ቆይቼ ነው የነቃሁት። ሻጭ ሁሉ ባለቀለም የመስታወት እንስሳ ሲያገኝ ሙራኖ ብሎ ይለጥፍበታል፤ ስሙ ይሸጣላ። ከስሙ ኋላ «ስታይል» የምትል ቃል ካለች ደግሞ ሻጩ ራሱ ሙራኖ እንዳልሆነ በጨዋ ቋንቋ እየነገራችሁ ነው።

ያኔ ይህ ሁሉ ስላልገባኝ ባለሙያ ፍለጋ ወጣሁ። ከተማ ውስጥ የስጦታ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ ተባልኩ፤ ባለቤቱ «ያውቃል» አሉኝ። ቆቂትንና ዓሣውን በፎጣ ጠቅልዬ በባጃጅ ሄድኩ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ልቤ አብሮ ይዘላል። ሰውየው በስልኩ መብራት አገላብጦ አያቸው። ግርጌያቸውን ግን አላየም፤ ይኼን በኋላ ነው ያስተዋልኩት። «ኦሪጅናል ሙራኖ» አለና ለማረጋገጫ ወረቀት አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ተቀበለኝ። ማህተም ያለበት፣ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል የዓሣው ስቲከር እንደጠፋብኝ ነገርኩት። እንዲያው ለመናዘዝ ያህል።

«እሱ ምን ችግር አለው» ብሎ መሳቢያውን ሳበ።

መሳቢያው ውስጥ ጥቅል ስቲከር አለ። ወርቃማ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ፣ «ሙራኖ» የሚል የተጻፈበት። እንደ ፕላስተር ተጠቅልሎ። አንዱን ልጦ በአውራ ጣቱ ላይ ያዘና «የት ላድርግልሽ?» አለኝ።

ዕቃዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። ብሬን ልጠይቅ እንኳ አፌ አልታዘዘኝም። እግሬ ሐይቅ ዳር ወሰደኝ፤ አንድ ሻይ አዝዤ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ያቺን በምላጭ የፋቅኳትን ስቲከር ሳስብ እስከዚያ ሰዓት ስብሰለሰል ነበር። አሁን ደግሞ እሷም ብትሆን ከእንዲህ ዓይነት መሳቢያ የወጣች ልትሆን ትችላለች የሚል መጣብኝ። ስቲከር ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይመሰክርም። ለአዳዲሶቹ ዕቃዎች በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ቬኒስ የምትገኝበት የቬኔቶ ክልል ሕግ አለ። «ቬትሮ አርቲስቲኮ ሙራኖ» የሚል የአምራቹ መለያ ቁጥር ያለው ምልክት ይሰጣል። ከዚያ በፊት ለተሠራ ግን ስቲከሩን ከሥራው ጋር አስተያይቶ ማመን ነው።

ማታ ቤተሰብ ቴሌግራም ላይ «ሙራኖ ላይሆን ይችላል፣ ተረጋጉ» ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ መልስ አልሰጠም። በማግስቱ ደውሎ «በስንት ሸጥሽው?» አለኝ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። ፎቶ ብልክለት «የድሮ ፎቶ ነው» አለ። እኔም የማይባል ተናገርኩ፤ አባዬ ታሞ በተኛበት ጊዜ ስንት ቀን እንደመጣ ቆጠርኩለት። ይህ ኅዳር ላይ ነበር። ገና ያለ ስልክ አለፈ። ጥምቀትም እንዲሁ። እማዬ ጥቁሯን ለብሳ ቡና እያፈላች «የአንድ ወፍ ነገር ነው እንዲህ ያደረጋችሁ?» ትለኛለች። ለእሷ የምመልሰው አልነበረኝም።

ነገሩን ያቀናልኝ ስለ መስታወት ምንም የማያውቁ ሰው ናቸው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላቸዋል። አንድ ቀን እማዬን ሊጠይቁ መጥተው ቡና እየጠጡ ታሪኩን ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሐይቅ ላይ ወፍ ስናይ እንዴት ነው የምንለየው? መጀመሪያ ስሟን ትጠሪያለሽ?» አሉ። «አይደለም። የእግሯን ቀለም፣ የምንቃሯን ርዝመት፣ አበራረሯን ትጽፊያለሽ። ስሙ መጨረሻ ነው የሚመጣው። እናንተ ስሙን ከደላላ ተቀብላችሁ ወፏን ለስሙ ልታለማምዱ ነው የሞከራችሁት።» በማግስቱ የእጅ ሌንስና ባለ መስመር ደብተር ይዘው መጡ።

ዝሆኑ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከኩምቢው ተነስቶ በሆዱ መሃል እስከ ጭራው የሚወርድ ቀጭን መስመር አለው፤ በጥፍር ይያዛል። ሁለት ገጽ ያለው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቆ የተሠራ ማለት ነው። በብዛት የሚመረት፣ ርካሽ። እማዬ «እሱንማ መርካቶ ነው የገዛሁት፣ ጠይቃችሁኝስ ነው?» አለች። ያኔ ይህችን ዓረፍተ ነገር በደንብ ብሰማት ኖሮ ሁለት ሳምንት ባተረፍኩ።

ቆቂት ላይ ግን መስመር የለም። ቲቸር እያስጻፉኝ ሄድን። ርዝመቷ 16 ሴንቲ ሜትር። ሰፈር ካለው ባለሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠናት 480 ግራም ሆነች። ሰውነቷ ጭስ የመሰለ ግራጫ፣ ጭንቅላቷ ቡናማ። ውስጧ ባዶ ነው፤ በትንፋሽ የተነፋች ናት። ጭንቅላቷ ለብቻው ተሠርቶ በሙቀቱ እንደተለጠፈ አንገቷ ላይ ያለው ስስ ቀለበት ይናገራል። ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው ግን ሥሯ ነው። ክብ፣ ተሞርዶ የለሰለሰ ቦታ አለ። ሲሠሯት በብረት ዘንግ ጫፍ ይዘዋት ነበር፤ ስታልቅ ከዘንጉ ሲያላቅቋት ሻካራ ጠባሳ ይቀራል። ርካሽ ሠሪ ጠባሳውን እንዳለ ይተወዋል። እሷን የሠራት ሰው ማንም የማያየውን ቦታ ቁጭ ብሎ አለስልሶታል። ጠርዙ ላይ በሌንስ ብቻ የሚታዩ ጭረቶች አሉ፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ። የዘመናት መቀመጥና መነሳት እንዲህ ነው የሚጭረው። ሆን ተብሎ «ያረጀ» ዕቃ ላይ ጭረቱ ብዙ ጊዜ ባንድ አቅጣጫ ይሆናል አሉ።

የእህቴ ስዋሮቭስኪ እዚሁ ላይ ወደቀ። ስዋሮቭስኪ በ1895 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ ቫተንስ በምትባል ከተማ የተቋቋመ የክሪስታል ኩባንያ ነው። የመጀመሪያዋ እንስሳው በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣች አይጥ ናት። እንስሳቱ እንደ አልማዝ ተቆርጠው ፊታቸው ብዙ የሆነ፣ የጠሩ ቁርጥራጮች ተጣብቀው የሚሠሩ ናቸው። ትንሽ ምልክትም ታገኙባቸዋላችሁ፤ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ዝይ የመሰለች ነጭ ወፍ ናት፣ ስዋን የሚሏት። የተነፋች ለስላሳ ወፍ በጭራሽ የእነሱ ሥራ አትመስልም። እህቴ ይህን ስነግራት «እንግዲያው እኔ የማውቀው አንድ ነው፣ እሱንም ወሰድሽብኝ» አለች።

የብር ኖት መመርመሪያ መብራትም ሞከርን፤ ባለሱቁ አዋሰን። ዩራኒየም ያለበት የድሮ መስታወት በዚያ መብራት እንደ ሎሚ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ቆቂት አልበራችም። ደብተሩ ላይ «አይበራም» ብለን ጻፍን። መብራቱ ስለ ጥሬ ዕቃው እንጂ ስለ ሠሪው አይናገርም፤ ቢበራም የማን እንደሆነ አይነግራችሁም ነበር። ሞክሩት ግን፣ ደስ ይላል።

ደብተሩ ሁለት ገጽ ሞልቶ ስም የለውም። ቲቸር «ሥሯን በጠዋት ብርሃን እዪዋት» ብለውኝ ሄዱ። በበነጋታው እማዬ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስ ጥቁር ሻሿን ሶፋው ላይ ጣል አደረገችው። ቆቂትን እሱ ላይ ገለበጥኳት፤ ለብርሃናማ መስታወት ጥቁር ጨርቅ የመሰለ ነገር የለም። መስኮቱ አጠገብ ጎንበስ ብዬ ሥሯ ላይ «ሃ» ብዬ ተነፈስኩ።

በጭጋጉ መሃል መስመር መጣ። ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደበት ይመስላል። ሳልጨርሰው ትንፋሼ ተነነና ጠፋ። እንደገና ተነፈስኩ። እንደገና መጣ። እየጮህኩ እማዬን ጠራኋት፤ ድስት የወደቀ መስሏት ሮጣ መጣች።

አርባ ዓመት ቡፌው ላይ ስትኖር ጽሑፉን ማንም አላየውም ነበር። በቀጭን መርፌ የተጻፈ ነው፤ ከላይ በቀጥታ የሚበራ መብራት አያሳየውም። የሱቁ ሰውዬ ሥሯን ቢያይም ጽሑፉን አያገኘውም ነበር። እንዲህ አድርጉ። ክፍሉን አጨልሙት፤ የስልክ መብራቱን ከጎን፣ ጠረጴዛውን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ተንፍሱበት። ካልሆነ ጠመኔ ፈጭታችሁ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አሹት፤ ዱቄቱ ጭረቱ ውስጥ ይገባና ነጭ ሆኖ ይቀራል። በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። እኔ የልጄን የትምህርት ቤት ጠመኔ ነው የተጠቀምኩት።

ንባቡ ላይ ደግሞ ሌላ ጥፋት ልሠራ ነበር። ገና አንድ ሁለት ፊደል እንዳየሁ «ጣሊያንኛ ነው» አልኩ፤ ሙራኖ ከአእምሮዬ አልወጣም ነበራ። ቲቸር መጡና እርሳሱን ሰጡኝ። «አታንብቢው። ሳዪው» አሉ። ፊደል ነው ብዬ ሳላስብ፣ እንደ ሥዕል፣ የማየውን ብቻ ገለበጥኩ። መጀመሪያ ክብ፤ ነጥብ። ከዚያ መስቀል የመሰለ። መሃል ላይ አንድ ዓይነት ሁለት ፊደሎች ጎን ለጎን። ከሁሉ የገረመኝ፣ አንደኛው «ኤ» ላይ ሁለት ጥቃቅን ነጥቦች፤ የመጨረሻው «ኦ» ላይም ሁለት ነጥቦች። መጀመሪያ ነጥቦቹ ጭረት መስለውኝ ልተዋቸው ነበር።

ቲቸር ነጥቦቹን ሲያዩ ፈገግ አሉ። «ጣሊያን በፊደሉ ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ አይደርብም። ጀርመን ነው፣ ወይ ስዊድን፣ ወይ ፊንላንድ።»

አሁን ፎቶውን ትቼ ፊደሎቹን ፈለግሁ። ነጥቦቹን ሳይቀር አስገባሁ። በመጀመሪያው ሙከራ ወጣ። ኦ. ቶይካ፣ ኑታያርቪ ኖትሼ። ኦይቫ ቶይካ ፊንላንዳዊ የመስታወት ጥበበኛ ነው፤ በ1931 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ2019 እ.ኤ.አ. አርፏል። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመስታወት ወፎች ነደፈ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ። በኑታያርቪ ፋብሪካ አንድ በአንድ በትንፋሽ የሚነፉ ናቸው፤ ሁለቱ ፍጹም አንድ አይሆኑም። ፋብሪካው በ1793 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ወፎቹ ዛሬ ኢታላ በሚባለው ስም ይሠራሉ። «ኖትሼ» የዚያው ቦታ የስዊድንኛ ስሙ ነው። የኋለኞቹ ወፎች ላይ የሚገኘው ኢታላ የሚለው ስም ስለሆነ፣ የእኛዋ ቀደም ካሉት መሆኗን ፊርማዋ ራሱ ጠቆመን። አጻጻፍ ዘመን ይናገራል። የፈረንሳዩ መስታወት ሠሪ ላሊክም እንዲሁ ነው፤ ሬኔ ላሊክ በ1945 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ ከስሙ በፊት «አር» ነበረች፣ ከዚያ በኋላ ቀረች። ስለዚህ ስም ስታገኙ ስሙ ብቻ አይብቃችሁ፤ እንዴት እንደተጻፈ ተመሳሳይ ዕቃዎች ላይ ካለው ፊርማ ጋር አስተያዩት። ፊርማም በኋላ ሊጫርበት ይችላል። እኛ ከአስር በላይ ፊርማ ጎን ለጎን አይተን ነው ያመንነው።

ማታ እራት ላይ ለእማዬ «ከፊንላንድ ናት» አልኳት።

እማዬ እንጀራዋን ቆርሳ «ታዲያስ፣ ሲስተር የፊንላንድ ሰው አልነበረች?» አለች።

እጄ አየር ላይ ቀረ። «የትኛዋ ሲስተር?»

አባዬ የሚስዮን ሾፌር ነበር። በ1971 ዓ.ም. እማዬ ታላቅ ወንድሜን አርግዛ ሳለ፣ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ለማምጣት ሌሊት ሌሊት በጭቃ ገጠር የሚያመላልሳት አንዲት ነርስ ነበረች። አገሯ ልትገባ ስትል ሻንጣዋን ከፍታ፣ በሹራብ የተጠቀለለች ወፍ አውጥታ ሰጠችው። እማዬ ሁሉንም ታስታውሳለች፤ የሹራቡን ቀለም ሳይቀር። ሹራቡን እኛ ሦስታችንም ለብሰነዋል። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት በጣም ተገረመች። «ማን ጠየቀኝ? ሁላችሁም ስልክ ላይ ስንት ያወጣል ስትሉ ነበር።»

እንግዲህ ደላላ፣ ባለሱቅ፣ ጉግል፣ ዱባይ ድረስ የጠየቅሁ ሰው፣ አንድ ሶፋ ላይ የምትቀመጠውን እናቴን አልጠየቅኋትም። ቤታችሁ አዛውንት ካሉ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሂዱ። «ይሄ ስንት ያወጣል?» አትበሏቸው፤ አያውቁትም። «ማን ሰጣችሁ? መቼ? ሰውየው የየት አገር ነበር?» በሏቸው። ስልካችሁንም ድምፅ ቅጃ ላይ አድርጉ። እኔ የእማዬን ያን ማታ ባለመቅዳቴ በማግስቱ እንደገና አስደገምኳት፤ ሁለተኛው ላይ የሹራቡን ቀለም ዘለለችው።

ዋጋውንም ልንገራችሁ፣ መጠየቃችሁ አይቀርምና። ብርቅዬ የሆኑት የቶይካ ወፎች ብዙ ያወጣሉ፤ የተለመዱት ግን በመቶዎች ዩሮ የሚቆጠሩ ናቸው። የደላላው ሩብ ሚሊዮን ከራሱ ኪስ የወጣ ቁጥር ነበር። ዋጋ ስትፈልጉ ሻጭ የጠራውን አትመልከቱ፤ ማንም የፈለገውን ይጠራል። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይታችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ገዢ በእርግጥ የከፈለው እሱ ነው። የዕቃችሁን መሰነጣጠቅና መሸራረፍ ግን አትርሱ።

ለወንድሜ ምን ብዬ እንደምልክለት ሦስት ቀን አሰብኩ። ዋጋ አልጻፍኩም። በጠመኔ ነጭ የሆነውን ፊርማ ፎቶ፣ ቀጥሎም የእማዬን ድምፅ ላክሁ። እሷ «አንተን አርግዤ ነበር» የምትልበት ቦታ አለ። ሁለቱም እንደታዩ ምልክቱ አሳየ፤ መልስ የለም። እኔም ዝም አልኩ።

ለፋሲካ መጣ። ዶሮ ገዝቶ፣ ልጆቹን ይዞ። ስለ ኅዳሩ ስልክ አንዳችንም አላነሳንም። እማዬ ዶሮውን ስታወጣ እሱ ቡፌው ጋ ቆሞ ነበር። የአባዬን ነጭ መሐረብ ከመሳቢያው አውጥቶ ቆቂትን በሁለት እጁ አነሳት፤ እንደ ጫጩት። ገለበጣትና «ሃ» ብሎ ተነፈሰባት። ዓይኑን አጥብቦ ቆየ፣ እንደገና ተነፈሰ።

«ነጥቦቹ የታሉ?» አለኝ።

አጠገቡ ሄጄ በጥፍሬ አሳየሁት።